ዐቃቤ ሰዓት ከሐይቅ ሲርቅ

ከደሴ ተነሥቶ የወልድያን መንገድ የያዘ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዘ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። መኪናው ለምሳ ከቆመ የተጠበሰ ዓሣ ይበላል፣ ውኃውን ከሩቅ አይቶ ያደንቃል፣ ከዚያ ወደ ውጫሌና ወደ መርሳ ያልፋል። በዚያ ውኃ ዳር ያለው ገዳም፣ አበምኔቱ ወደ ንጉሡ እልፍኝ ያለ ከልካይ የሚገባበት ዘመን እንደነበረው የሚያውቅ መንገደኛ ግን ጥቂት ነው።

እኔ የዚህ አገር ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬንም ያሳለፍኩት ታሪክ በማስተማር ነው። አክሱምን አስተምሬ፣ ላሊበላን አስተምሬ፣ ጎንደር ላይ ስደርስ ከኋላ ወንበር የሚነሣ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «መምህር፣ ሐይቅ ያን ያህል ትልቅ ከነበረች ምን ዝቅ አደረጋት?» ጥያቄው በየዓመቱ ከሌላ ልጅ አፍ ይወጣል እንጂ አይቀርም። «ግራኝ አጠፋት» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ብዙው ሰውም የሚለው ይህንኑ ነው። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን መልሱ ያ ብቻ አይደለም። ሐይቅ የወረደችው ቀስ በቀስ ነው፤ በብዙ እጅ ነው፤ አንዳንዱም ራሷ ባሳደገችው ልጅ እጅ ነው።

የአገራችን አሮጊቶች ስለ ውኃው አፈጣጠር የሚያወጉት አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በልዕልት ተበደለች። እግዚአብሔርም ተቆጣ፤ ሴቲቱ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያው ሁሉ ውኃ ሆነ፤ ልዕልቲቱ ከነቤተሰቧና ከነወዳጆቿ ሰጠመች። የተበደለችው ሴት የተቀመጠችበት መሬት ደሴት ሆኖ ቀረ፤ ገዳሙ የተተከለውም እዚያ ላይ ነው ይላሉ። ይህን አፈ ታሪክ የምወደው የአገሬውን ፍርድ ስለያዘ ነው። በዚህ ውኃ ላይ ጉልበተኛው አልፏል፤ የቀረው ሌላው ነው። የሐይቅን ታሪክ ሳነብ ይህ ፍርድ ደጋግሞ ትዝ ይለኛል።

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት የእስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን አመሠራረት ወደ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ወደ ንጉሥ ድልነዓድ ዘመን ይወስደዋል። የቦታው ስም በሀገሪቱ የናኘው ግን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከመጡ ወዲህ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ የዳህና ሰው ናቸው። በትግራይ ደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ ሥር ምንኩስናን ተማሩ፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ወርደው ሐይቅ ገቡ። የሐይቅን አበምኔቶች ታሪክ መርምሮ የጻፈው ታደሰ ታምራት የአበምኔትነታቸውን መጀመሪያ እ.ኤ.አ. 1248 ያደርገዋል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ገናና ገዳማት የሚፈለጉት በሰሜን፣ በትግራይ ነበር። ከአማራና ከሸዋ የሚነሣ ተማሪ መንኩሶ ለመማር ብዙ አገር ማቋረጥ ነበረበት። ሐይቅ በሰሜንና በደቡብ መካከል፣ በመንገዱ ላይ ስለነበረች ተማሪው ወደ እርሷ ጎረፈ። ይህን የመንገድ ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ሐይቅን ያወጣት መንገድ ነው፤ ኋላም ያስረሳት መንገድ ነው።

ከተማሪዎቹ መካከል ከሸዋ የመጡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይገኙበታል። ሐይቅ ውስጥ ለዓመታት በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ እግር ሥር ተቀምጠው ተምረዋል፤ በኋላ ወደ ሸዋ ተመልሰው ደብረ አስቦን መሠረቱ። ደብረ አስቦ ማለት ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የምንለው ነው። ሌላው ተማሪ አባ ኂሩተ አምላክ ወደ ጣና ሄደው ዳጋ እስጢፋኖስን አቀኑ፤ ደሴቱን የመምህራቸው ገዳም በሚጠራበት ሰማዕት ስም ሰየሙት። ከአንዲት ትንሽ ደሴት ሸዋም ጣናም መምህር አገኙ ማለት ነው።

ሐይቅ ምን ትሠራ እንደነበር የሚመሰክር አንድ ዕቃ አለ፤ ወንጌል ነው። አራቱን ወንጌላት የያዘውን ይህን ብራና አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281 ነው። ዘመናቸው ተለይቶ ከሚታወቁት የግእዝ ብራናዎች ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው፤ የአባታችን ሥዕልም በውስጡ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሀገራችንን ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲያነሣ የነበረው ፕሮጀክት ይህን ወንጌል በ1832 ቁጥር መዝግቦታል፤ በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ላይ ሆኖ የሚያነብበው ተመራማሪ አለ።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ የሚያውቅ፣ ቁም ጸሐፊ ሲሠራ ያየ ሰው ነው። እኔ በልጅነቴ አይቻለሁ። የፍየሉ ቆዳ ለቀናት ውኃ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ በእንጨት ፍሬም ላይ ዙሪያውን በጠፍር ተወጥሮ ሥጋው ይፋቃል፤ ጠጉሩም ይላጫል፤ በድንጋይ እየታሸ በፀሐይ ይደርቃል። ቢላዋው ትንሽ ከጠነከረ ቆዳው ይበሳል፤ የአንድ ቀን ልፋት በአንድ ቅጽበት ይሄዳል። ብራናው ሲወጣ በልክ ይቆረጣል፤ መሥመሩ ዳርና ዳር በወስፌ እየተወጋ፣ ያለ ቀለም እየተሰመረ ይዘጋጃል። ጸሐፊው ከመቃ የተቀረጸውን ብዕር ጥቁር ቀለም እያጠቀሰ ይጽፋል፤ የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳኑን ስም ሲደርስ ብዕር ለውጦ በቀይ ይጽፋል። አንድ ወንጌል ለመጻፍ ብዙ ፍየል ይታረዳል፤ ብዙ ወራትም ያልቃል። ይህን ሁሉ የሚችል ቤት ቆዳ የሚያቀርብ ገበሬ፣ ቀለም የሚበጠብጥ ተማሪ፣ ፊደሉ የተስተካከለ ጸሐፊ፣ የሚያርም ሊቅ አለው ማለት ነው። የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሐይቅ ይህ ሁሉ ነበራት።

ከትምህርቱ ቀጥሎ ሥልጣኑ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ እንደረዱትና እንደባረኩት የሐይቅ ትውፊት ይናገራል። የሐይቅ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» የሚለውን ማዕረግ የያዘውም ከዚያ ጀምሮ ነው ይባላል። ማዕረጉ የንጉሡን ሰዓት የሚጠብቅ፣ ማን መቼ እንደሚገባ የሚያውቅ ማለት ነው። በቤተ መንግሥት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ሥልጣን ለማግኘት ያስቸግራል፤ በር ላይ የቆመ ሰው ሳይፈቅድ ነገር ወደ ንጉሡ ጆሮ አይደርስምና። በዐፄ ዳዊት ዘመን የሰንበትን ነገር በተመለከተ ክርክር ሲነሣ፣ የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ ለዓመታት ታግተው የተቀመጡት ሐይቅ ላይ፣ በዐቃቤ ሰዓት ሠረቀ ብርሃን ጠባቂነት ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደግሞ ወደ ንጉሡ መግባት ለጥቂቶች ብቻ በተፈቀደበት ጊዜ፣ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ዐቃቤ ሰዓት ዐምኀ ኢየሱስ ነበር።

አጠገባችን ያለው አምባሰልም በዚያው ዘመን የመንግሥቱ ምሥጢር ይጠበቅበት ነበር። የመስቀል ቅርጽ ያለው የግሸን አምባ የነገሥታቱ ወንድ ልጆች በዙፋን እንዳይጣሉ ተለይተው የሚኖሩበት ቦታ ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ ራሱ ከዚያ ወርዶ ነው የነገሠው። መስከረም 21 ቀን ግማደ መስቀሉን ብሎ አምባውን የሚወጣው ምእመን፣ የሚረግጠው መሬት የልዑላን ግዞት እንደነበረም ቢያስብ መልካም ነው። እንግዲህ በአንድ በኩል የንጉሡን ሰዓት የሚጠብቀው መነኩሴ፣ በሌላ በኩል የንጉሡን ወንድሞች የሚጠብቀው አምባ፤ ሁለቱም በአንድ አካባቢ ነበሩ። ይህ አካባቢ የሀገሪቱ እምብርት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በሀገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሐይቅን በደኅና ቀኗ ያያት የመጨረሻው እንግዳ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ መነኮሳት ያሉበትን የእስጢፋኖስን ደሴት፣ ሎሚውንና ብርቱካኑን፣ መነኮሳቱ በቅል ደግፈው የሚቀዝፉትን የደንገል ታንኳ፣ በውኃው ውስጥ ያለውን ጉማሬ ሁሉ ጽፎልናል።

አልቫሬዝ ከሄደ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ጦርነቱ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1531 የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም (ግራኝ) ጦር አምባሰል ላይ ዐፄ ልብነ ድንግልን ገጠመ፤ ንጉሡ ለጥቂት አመለጠ። ከዚያ ኢማሙ ወደ ሐይቅ ዞረ። የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ እንደሚተርከው ወደ ደሴቱ የሚሻገሩበት ታንኳ ተሠራ፤ መነኮሳቱም ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይቃጠል ሀብቱን ሊያስረክቡ ተስማሙ። ወርቁ ወጣ፤ ቤቱ ግን ቆመ። ግሸንም ሁለት ጊዜ ከተሞከረባት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1540 ገደማ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ የልዑላኑ ግዞት ወደዚያ አምባ አልተመለሰም።

«ግራኝ አጠፋት» ለሚለው መልሴ እዚህ ላይ ነው። መነኮሳቱ ወርቁን ሰጥተው ቤቱን አተረፉ፤ የ1280ው ወንጌልም ከእሳት ተረፈ። ሐይቅን ከመቃጠል ያዳናት የመነኮሳቱ ማስተዋል ነው፤ የሚሄደውንና የማይሄደውን ለይተው አውቀዋል። ጦርነት ያደኸየው ገዳም ብዙ ነው፤ ብዙውም ከድህነቱ ተነሥቷል። ደብረ ሊባኖስ ራሱ በዚያው ዘመቻ ተቃጥሎ ነበር፤ ቆይቶ ግን ከቀድሞው የበለጠ ከበረ። ሐይቅስ ለምን አልተነሣችም?

የመጀመሪያው ምክንያት መንገዱ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የነገሥታቱ መቀመጫ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጣና ዙሪያ ሸሸ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የኦሮሞ ሕዝብ ወደ አካባቢው ሲገባና ሲሰፍር የወሎ መልክ ተለወጠ፤ ንጉሡ በዚህ በኩል የሚያደርገው ጉዞ እየቀነሰ ሄደ። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁር ጉዳዩ ተቆረጠ። ሐይቅ ከመንገዱ ዳር ወጣች። የሚማረው ልጅም ጉዞውን ለወጠ፤ ቅኔ የፈለገ ጎጃም ገባ፤ አቋቋም የፈለገ ጎንደር ወጣ።

ሁለተኛው ሹመቱ ነው። ዐቃቤ ሰዓትነት በጎንደር ቤተ መንግሥትም ቀጥሏል፤ ነገር ግን የቤተ መንግሥቱ ካህን ማዕረግ ሆኖ ቀረ እንጂ የሐይቅ አበምኔት ድርሻ መሆኑ ቀረ። ለሐይቅ የተሰጠው ማዕረግ ከሐይቅ ወጥቶ ሄደ ማለት ነው። የመነኮሳት ሁሉ አለቃ የተባለውም የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ሆነ፤ መቀመጫውም ጎንደር ነበር። የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ተማሪ የተከለው ገዳም የመምህሩን ገዳም በለጠ። መምህር ለሆነ ሰው ተማሪው ሲበልጠው ከማየት የበለጠ ደስታ የለም፤ እኔም በዚህ አላዝንም።

የማዝነው በሦስተኛው ነው። ገድለ ኢየሱስ ሞዐ ይኩኖ አምላክ መንግሥቱን እንዲያገኝ የረዱት የሐይቁ አባት ናቸው ይላል። ሰፍቶ የተነገረው፣ በየቤቱ የገባው ግን ይህንኑ ውለታ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት የሚሰጠው የደብረ ሊባኖስ ትውፊት ነው። ማንኛው እንደተፈጸመ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ቤተ መንግሥት አጠገብ ያለ ገዳም ታሪኩን የሚያወራለት አያጣም፤ የራቀው ታሪኩ በሌላ ስም ሲነገር ዝም ብሎ ይሰማል። አንድ ቦታ በእውነት የሚወርደው ወርቁ ሲወሰድ ሳይሆን ታሪኩን የሚናገርለት ሲያጣ ነው።

ይህ በሀገር ደረጃም ደርሶብናል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ» የተባለውን ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1759 ሲያሳትም፣ በአማራ የሚገኘውን፣ ልዑላን ተለይተው የሚኖሩበትን የደስታ ሸለቆ ጽፎ ነበር። የታሪኩ ሥር ከግሸን ዓይነቱ የልዑላን ግዞት ዝና ይመዘዛል። እርሱ ሲጽፍ ግን ግሸን እንደ ግዞት ቤት ከወደቀች ከ200 ዓመት በላይ አልፏታል። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1776 እስከ 1788 ባለው ጊዜ፣ ኤድዋርድ ጊበን የሮማን መንግሥት መውረድና መውደቅ የሚተርከውን ዝነኛ መጽሐፉን በየክፍሉ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ኢትዮጵያን ከዓለም ተቆርጣ ሺህ ዓመት ያህል እንዳንቀላፋች ሀገር ሣላት። አንዱ የሌለ ገነት ሰጠን፤ ሌላው ያልተኛነውን እንቅልፍ። ጊበን «እንቅልፍ» ባለው ዘመን መሀል ላይ የሐይቅ ቁም ጸሐፊ ብራናውን እየፋቀ ነበር፤ ከሸዋ የመጣው ተማሪ በሐይቅ ዳር ትምህርቱን እያጠና ነበር። ያልተጻፈልን እንጂ ያልሠራን አልነበርንም። የአንድን አገር ውድቀት የሚጽፍ ሰው፣ የወደቀው አገሩ ነው ወይስ የእርሱ መረጃ ብሎ አስቀድሞ ራሱን መጠየቅ አለበት።

አምባሰልንም እይ። የገዳሙ ሹመት ከሄደ በኋላ አገሩ ባዶ አልሆነም። ጃንጥራር የሚባሉት የአምባሰል ባላባቶች ነበሩ፤ እቴጌ መነን አስፋው የተወለዱት ከዚህ ቤት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር የተዋዋሉት፣ 17ኛው አንቀጹ የአድዋን ጦርነት ያመጣው ስምምነት የተፈረመው በአምባሰል ውጫሌ ነው። ሀገሪቱ የምትዘፍንባቸው አራት ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ሲሆኑ፣ አንዱ የተጠራው በዚህ ተራራ ስም ነው። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን የቆመበት፣ ለቅሶና ሠርግ የማይለያይበት የወሎ ኑሮም የተገነባው ሐይቅ «ወረደች» በተባለባቸው ዘመናት ነው። አንድ ወንበር ሲነሣ አገር አብሮ አይነሣም።

ይህን ስል የጠፋውን ለማቅለል አይደለም። አልቫሬዝ ያየው ጉማሬ ዛሬ ውኃው ውስጥ የለም። ገዳሙ የነበረበት ደሴት ውኃው ሲሸሽ ከየብስ ጋር ተያይዞ ዛሬ በእግር ይገባበታል። ሐይቁ ዛሬ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣው የአንከርካ ወንዝና የዙሪያው ገደላ ገደል የሚያወርደው ጎርፍ ይዘውት የሚመጡት አፈር ሁሉ እዚያው ይቀራል። ተራራው በተራቆተ ቁጥር ውኃው በደለል ይጎዳል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት እንደገና ሐይቅና ደሴ ሲደርስ ያየን ሰዎች ደግሞ ብራና በእሳትና በዘረፋ ለመጥፋት አንድ ቀን እንደሚበቃው እናውቃለን። የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባቶች ወርቅ ሰጥተው መጽሐፍ አተረፉ፤ እኛ መጽሐፉን ለማትረፍ ምን ለመስጠት እንደተዘጋጀን አልተናገርንም።

እንግዲህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ሐይቅን ከፍ ያደረጋት ትምህርት ነበር፤ ሥልጣን የመጣው በኋላ ነው። ከጊዜ በኋላ ክብሯ በሥልጣኑ ላይ ተንጠለጠለ፤ ቤተ መንግሥቱ ሲሄድ አብሮ ሄደ። ቤተ መንግሥት የሰጣትን ቤተ መንግሥት ወሰደባት። ቁም ጸሐፊው፣ መምህሩና ተማሪው የሰጧትን ግን ማንም አልወሰደባትም፤ ወንጌሉ አለ፤ ዳጋ አለ፤ ደብረ ሊባኖስ አለ። ሐይቅ ወረደች የሚለው የሚስማማው ለሹመቷ ነው፤ ለሥራዋ አይደለም።

ለወላጆች የምለው አለኝ። ልጆቻችሁን ኅዳር 26 ቀን፣ በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ በዓል፣ ወደ ገዳሙ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ ሴቶች ልጆችን ወደ ገዳሙ ማስገባት ባይፈቀድም ከውኃው ዳር ቁሙና ታሪኩን ንገሯቸው። ሙስሊም ወንድሞቼና እኅቶቼም ይህን ታሪክ የራሳችሁ አድርጉት፤ የአንድ ውኃ ልጆች ነን። ለታሪክ መምህራን፦ የመማሪያ መጽሐፉ ስለ ሐይቅ አንድ መሥመር ቢጽፍ ቀሪውን እናንተ ጨምሩበት። ለቤተ ክህነትና ለባህል ቢሮ ሰዎች፦ ብራናው ከእሳት፣ ከእርጥበትና ከሌባ የሚጠበቅበት ደኅና ቤት ያስፈልገዋል፤ ብራና መፋቅና ቁም ጽሕፈት የሚያውቁት አባቶችም ሳያልፉ ተማሪ ይመደብላቸው። ይህ ሁሉ ከንጉሥ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ዛሬ ሊጀመር ይችላል።